በናይሮቢ ሜዳ ላይ ያሳየሁት ምልክት

ቴኒስ የጀመርሁት ሜዳ በመጠገን ነው። መንግሥት በተለወጠ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከላሊበላ ተነስቼ አዲስ አበባ ኮሌጅ ስገባ፣ ከመኝታ ቤታችን ጀርባ የተሰነጣጠቀ ቀይ የአፈር ሜዳ ነበር። የስፖርት መምህራችን ብቻቸውን ሊያድሱት ሲታገሉ አየኋቸውና፣ እኛ አገር ገብስ ከመወቃቱ በፊት አውድማ እንዴት እንደሚዘጋጅ ነገርኋቸው። ውሃ እያርከፈከፍን፣ እየጠቀጠቅን፣ እንደገና እያርከፈከፍን በሁለት ሳምንት ሜዳውን አቆምነው። መምህሩም ለውለታዬ አንድ አሮጌ ራኬት ሰጡኝ።

መጀመሪያ ኳሷን እንደ ገና ጥንግ ነበር የምጠልዛት። ከአጥር ውጭ የጣልኋትን ስፈልግ ብዙ ከሰዓት አልፎብኛል። መምህሩ ግን ታጋሽ ነበሩ። ጉልበት አለህ፣ አሁን ጉልበትህን መደበቅ ተማር ይሉኝ ነበር። ቀስ በቀስ ገባኝ። በሦስተኛው ዓመት የኮሌጆች ውድድር ላይ አንደኛ ወጣሁና ዋንጫውን በልብሴ ጠቅልዬ ላሊበላ ወሰድሁት።

አባቴ መሪጌታ ነበሩ። ዕድሜያቸውን ሙሉ በማኅሌት ቆመው ያገለገሉ ሰው ናቸው። ዋንጫውን አገላብጠው ካዩት በኋላ ጨዋታው ስንት ሰው ይፈልጋል ብለው ጠየቁኝ። በአንድ ወገን አንድ፣ በሌላው ወገን አንድ አልኋቸው።

"እኛም በግራና በቀኝ ነው የምንቆመው፤ ግን ዜማው ቢጠፋብኝ አጠገቤ የሚያነሳልኝ አለ" አሉ። "አንተን ማን ያነሳልሃል?"

 ስመረቅ መምህርነት ይመደባል ብለው ሲጠብቁ፣ እኔ አዲስ አበባ ቀርቼ ተጫዋች እንደምሆን ነገርኋቸው። አልተቆጡም። መርቀው ሸኙኝ።

ጠዋት ጠዋት የአንድ የቴኒስ ክበብ አባላትን አስተምር ነበር፤ በዚያ ፈንታ ከሰዓት በኋላ ሜዳው የእኔ ነበር። በዓመት ሁለትና ሦስት ጊዜ ደግሞ ወደ ውጭ ውድድር እወጣ ነበር። ውጭ ሲባል ሰው አውሮፕላን ይመስለዋል። እኔ የማውቀው የሞያሌን አውቶቡስ ነው። ስማችን ጋዜጣ ላይ የማይወጣ፣ በዓለም ደረጃ ከመጨረሻዎቹ ተርታ የምንገኝ ተጫዋቾች ከየአገሩ እንሰበሰባለን፣ ለሦስት ለአራት ሆነን አንድ ክፍል እንይዛለን፣ ካልሲያችንን በመታጠቢያ ቤት አጥበን መስኮት ላይ እናሰጣለን። ወደ ዋናው ውድድር ለመግባት ማጣሪያ ማለፍ አለብን። እኔ ብዙ ጊዜ በመጀመሪያው ቀን ተሸንፌ ሻንጣዬን እዘጋ ነበር። ኮሌጅ ውስጥ ማንም ያልቻለው ምቴ እዚያ ማንንም አያስደነግጥም።

ውጭ መውጣት በጀመርሁ በሦስተኛው ዓመት ናይሮቢ ላይ ነገሩ ተቃናልኝ። ሁለት ጨዋታ አሸንፌ የመጨረሻው ማጣሪያ ደረስሁ። ተጋጣሚዬ ከሐራሬ የመጣ፣ በዕድሜ ከእኔ ከፍ የሚል፣ ረጅምና ዝምተኛ ሰው ነበር። በዚያ ደረጃ በየሜዳው ዳኛ አይቀመጥም። አንድ ዳኛ በሜዳዎቹ መካከል ይዘዋወራል እንጂ፣ በራስህ ወገን ያረፈችውን ኳስ የምትፈርደው ራስህ ነህ። ሜዳው አፈር ስለሆነ ኳሷ ስታርፍ ምልክት ትተዋለች። ተጋጣሚህ ከተጠራጠረ መጥቶ ምልክቷን አሳየኝ ይልሃል።

ሦስት ሰዓት ያህል ተጫወትን። እግሬ ዝሏል፣ እሱም ትንፋሽ አጥሮታል። ለማሸነፍ አንድ ነጥብ ብቻ ሲቀረኝ ኳሷን ወደ ግራ ማዕዘኔ ሰደዳት። ሮጬ አልደረስሁባትም። መስመሩ ላይ ስታርፍ ግን በደንብ አየኋት፤ የመስመሩ ኖራ ሲቦን አየሁ። ጣቴ ወደ ላይ ወጣ። ወጥታለች አልሁ።

መረቡን ዞሮ መጣና ምልክቷን እንዳሳየው በትሕትና ጠየቀኝ። ከመስመሩ ሁለት ጣት ያህል ራቅ ብሎ ከቀድሞ ምት የቀረ ምልክት ነበር። በራኬቴ ጫፍ እሱን አሳየሁት። ጎንበስ ብሎ አየው። ቀና ብሎ እኔን አየኝ። ራኬቱን ከእጅ ወደ እጅ እያዛወረ ቆመ። ከዚያ እጁን ዘረጋልኝና እንኳን ደስ አለህ ብሎ ዕቃውን ሊሰበስብ ሄደ።

ስሜ በዋናው ውድድር ሰሌዳ ላይ ተጻፈ። አዲስ አበባ ያሉ ጓደኞቼ በስልክ ተደሰቱ። በማግስቱ አንድ ወጣት በአርባ ደቂቃ አሸንፎ ሸኘኝ። ሽንፈቱ ሳይሆን የሰሌዳው ጽሑፍ ነበር ሲከነክነኝ የሰነበተው። በመንገዱ ሁሉ ያንን ሰው ጎንበስ ብሎ አፈሩን ሲያይ ነበር የማየው።

ያን ዓመት ለበዓል አገሬ ገባሁ። ጋሸና ላይ መኪና ስንቀይር እንኳ ተመልሼ ልሂድ ብዬ አመንትቻለሁ፤ የነፍስ አባቴን ማየት ፈርቼ ነበር። እሳቸው ሸምግለው ዓይናቸው ደክሟል፤ ከቅዳሴ በኋላ ደንጊያ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ቴኒስ ምን እንደሆነ ስለማያውቁ መጀመሪያ ጨዋታውን ማስረዳት ነበረብኝ። በመቋሚያቸው ጫፍ መሬት ላይ መስመር አሰመሩኝ፣ ጠጠር አስቀምጠው እዚህ ወደቀች ወይስ እዚህ እያሉ ጠየቁኝ። ሲገባቸው መቋሚያውን አስቀመጡ።

"ታዲያ በሐሰት መስክረሃል" አሉኝ።

"አዎ አባ።"

"ሰውየው ያውቃል?"

"አላውቅም አባ። ምንም አላለም።"

"ስግደት እሰጥሃለሁ" አሉ። "ግን ሄደህ ለሰውየው ካልነገርኸው ጉልበትህን ብቻ ነው የምታደክመው።"

ሰውየው በሌላ አገር ያለ፣ የት እንዳለ እንኳ የማላውቀው መሆኑን ነገርኋቸው። ለዚያ ጨዋታ የሄድህበት መንገድ ለዚህም ያደርስሃል አሉኝና እግዚአብሔር ይፍታህ ብለው አሰናበቱኝ።

እስከ ግንቦት ድረስ አላገኘሁትም። ካምፓላ ውድድር ስገባ የስም ዝርዝሩ ላይ ስሙን አየሁና ልፈልገው ወጣሁ። ከክበቡ ኋላ ባለ ቧንቧ ሸሚዙን ሲያጥብ አገኘሁት። እንግሊዝኛዬ ለጨዋታ እንጂ ለእንዲህ ያለ ነገር የተዘጋጀ አልነበረም። ናይሮቢ ላይ ኳሷ መስመር ላይ ነበረች፣ ያሳየሁህ ሌላ ምልክት ነው፣ ይቅርታ አድርግልኝ አልሁት።

ሸሚዙን ጨምቆ አንገቱ ላይ ጣለው።

"አውቄያለሁ" አለኝ። "ያ ምልክት ደርቆ ነበር። አዲስ ምልክት ጠርዙ ይለሰልሳል።"

"ታዲያ ዳኛውን ለምን አልጠራህም?"

"አንተ እስክትናገር እየጠበቅሁ ነበር" አለ። ቧንቧውን ዘግቶም፣ "ቆይተሃል እንጂ ተናግረሃል" አለኝ።

 ወሬውንም ወደ ሌላ አዞረ፤ ነጥብ ለማስጀመር ወደ ላይ የምትወረውራት ኳስ አጭር ናት፣ ነገ ጠዋት ና ላሳይህ አለኝ። በማግስቱ ጠዋት አብረን ተለማመድን። የነገረኝ እውነት ነበር፤ ምቴ ያለጥርጥር ተሻሻለ። ከዚያ በኋላ በሦስት ከተሞች አንድ ክፍል ተጋርተናል። ስለ እናቱና ስለ በቆሎ እርሻቸው ያወራኛል፣ እኔም ስለ ላስታ ቁር አወራዋለሁ። ያንን ነጥብ ግን ዳግመኛ አላነሳነውም።

እኔ ሁለት ዓመት ተጨማሪ ተጫወትሁ። ዋናው ውድድር ውስጥ ግን ዳግመኛ አልገባሁም። አንድ ጊዜ ብቻ ለጥቂት አምልጦኛል። ከዚያ ትከሻዬ መታመም ጀመረ፣ ሐኪሙም ዕረፍት አዘዘልኝ። ዕረፍቱ ሲረዝም ማቆሜ እንደሆነ ገባኝ። ጠብ የለው፣ ስንብት የለው፣ እንዲሁ አንድ ቀን ራኬቶቼን ለክበቡ ልጆች አደልሁና አውቶቡስ ተሳፈርሁ። የስፖርት መምህር ሆኜ፣ ወደ አገሬ ቀረብ ብዬ ፍላቂት ተመደብሁ። እዚያ ነፋሱ መረብ ኳስን እንኳ አላስቀምጥ የሚል ነው፤ ያም ሆኖ ተማሪዎቹ ጎበዞች ነበሩ፣ ሥራዬንም ወደድሁት።

የናይሮቢውን ነገር ለአባቴ የነገርኋቸው ያኔ ነው። ለክረምት ላሊበላ ገብቼ ነበር፣ ደጅ የሚያስወጣ ቀን አልነበረም። እስከ መጨረሻው ሳያቋርጡ ሰሙኝ። የሚገሥጹኝ መስሎኝ ነበር። እሳቸው ግን ስለ ሰውየው ጠየቁኝ።

"ሚስት አግብቷል?"

"ገና ነው አባባ።"

"አንድ ቀን እንኳ እንግዳ አድርገህ ሳታመጣው ቀረህ?" አሉኝ። "እንዲህ ያለ ሰው ቤታችን ቢበላ ምን ነበረበት?"

በዚያው ሳምንት አባቴ ቤታችን እንዲበላ መመኘታቸውን ጻፍሁለት። መልሱ ከብዙ ወራት በኋላ ደረሰኝ። እሱም መጫወት ማቆሙን፣ አንድ ትምህርት ቤት ውስጥ እያሠለጠነ መሆኑን ነገረኝ፣ ለአባቴም በተለይ ሰላምታ ላከ። ደብዳቤውን ተርጉሜ ሳነብላቸው ሁለተኛ እንዳነብ አዘዙኝ። ለረጅም ዓመታት ተጻጻፍን። እሱ ላሊበላን ሳያይ ቀረ፤ እኔም ሐራሬን አላየሁም።