የእናቴን ይቅርታ ይዤ ወደ አምባሰል

ደሴ፣ ንጋት አሥራ ሁለት ሰዓት። የሎንቺናው ጣሪያ በከረጢትና በቅርጫት ተሞልቷል። በእጄ የቀበሌ የይለፍ ወረቀት፣ በጨርቅ የተቋጠረ ፈጢራ። የመናዊው አባቴ ሱቁ ሲወረስ ባሕር ተሻግሮ አገሩ ገባ፤ እናቴና እኔ ደሴ ቀረን። እሷ የአምባሰል ክርስቲያን ልጅ ናት። እስላም አገባሽ ብለው አያቴ ካባረሯት አሥራ ስምንት ዓመት ሆነ። አሁን ሕመሙ ጠንቶባቸዋል አሉ። "ሳይሞቱ ይቅር ይበሉኝ፤ አንቺን ካዩ ይራሩ ይሆናል" ብላ ላከችኝ።

ሐይቅ፣ ሁለት ሰዓት። ኬላ። ሚሊሻው ወረቀቴን አገላብጦ፣ "ያባትሽ ስም የዐረብ ነው። የማን ነሽ?" አለኝ። ሾፌሩ፣ "ምን ትጠይቃታለህ ጓድ፣ ወሎዬ ናት!" አለና ወደኔ ዞሮ፣ "አብሽሪ እህት ዓለም" አለኝ። ከመንገዱ ዳር ዓሣ ይጠበሳል። ፈጢራዬን ፈታሁና ሳልቀምሰው መልሼ ቋጠርኩት።

ውጫሌ፣ አራት ሰዓት ተኩል። ከዚህ ወዲያ በእግር ነው። ማሽላ፣ ቁልቋል፣ ድንጋይ፣ ዳገት። ሐሳቤ አንድ ነው፦ ያቀረቡልኝን ሁሉ እበላለሁ። እናቴን ይማሩልኝ እንጂ የክርስቲያን ሥጋም ቢሆን ምን ገዶኝ!

አምባሰል፣ ዘጠኝ ሰዓት። መምጣቴን በሰው አስነግሬ ነበር። አያቴ ጋቢ ተከናንበው መደብ ላይ ተቀምጠዋል። ወይኔ፣ እንዴት ከስተዋል! ጉልበታቸውን ሳምኩ። አክስቴ ሁለት ድስት አቀረበች። አንዱ የቤቱ ነው። ሌላውን ጎረቤታቸው ሼህ አሊ ዶሮ አርደው፣ ሚስታቸው ሠርታ የላከችው ነው፤ ለእስላም እንግዳ ደንቡ ይኸው ነው። እኔ ግን እጄን ወደ ቤቱ ወጥ ሰደድኩ።

አያቴ አንጓዬን ያዙኝ።

"ይኼ የኛ እርድ ነው።"

"አውቃለሁ አባባ። እኔም የእናንተው ነኝ።"

"አባትሽስ?"

እጄን ወደ ወጡ ገፋሁ።

"አባቱን በጉርሻ የለወጠ ነገ እኔንም ይለውጠኛል" አሉ ቆጣ ብለው። "ያንቺ ያ ነው። ብይ።"

አፈርኩ። "ቢስሚላህ" ብዬ ከሼህ አሊ ወጥ ጎረስኩ። የአያቴ ዓይን እንባ አቀረረ።

"በድያታለሁ" አሉ። "ከነባሏ ትምጣ በያት። ሳልሞት እንዲህ ሁለት ድስት አቅርቤ ላብላቸው።"

አባቴ መሄዱን ማንም አልነገራቸውም። ልነግራቸው አፌን ከፈትኩ፤ አልሆነልኝም።

"እሺ አባባ፣ እነግራታለሁ" አልኩና አቀርቅሬ መብላቴን ቀጠልኩ።