የጾሙ ትሪ

በቤታችን ግድግዳ ላይ ብቻውን የሚሰቀል አንድ ትንሽ ትሪ ነበር። እኛ ሙስሊሞች ነን፤ ትሪው ግን የጎረቤታችን የሁዳዴ ትሪ ነው። ሥጋም፣ ወተትም፣ ቅቤም ነክቶት አያውቅም። እናቴ በጾሙ ወራት የሰሊጥ ከረሜላ ስትሠራ የእሳቸውን የምታወጣው በእሱ ላይ ነበር። ባላቸው የሞቱባቸው፣ ልጅም የሌላቸው ሴት ናቸው። በቆቦ ሙቀት ውኃ እንኳ ሳይቀምሱ ውለው፣ ከቅዳሴ መልስ መጀመሪያ አፋቸው የሚያደርጉት የእናቴን ከረሜላ ነው። እናቴ «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት» ስትል እሳቸውን ማለቷ ነበር።

የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ሳለሁ እናቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ሥራውን ለእኔ ትታ ለቅሶ ቤት ሄደች። ኩራቴ አይጣል ነው! ሰሊጡን ቆላሁ። ስኳሩን ያለ ውኃ እያማሰልኩ አቀለጥኩና የማር መልክ ሲይዝ ሰሊጡን ጨመርኩበት። ከዚህ በኋላ ሥራው ጊዜ አይሰጥም፤ ቶሎ ትሪው ላይ ገልብጠው ካልዳመጡት ድስቱ ውስጥ ይደርቃል። ትሪው ደግሞ ቅባት ካልነካው ከረሜላው ተጣብቆ ይቀራል። የዘይቱን ጠርሙስ ብደፋው ጠብ የሚል ነገር የለም። አጠገቡ ቅቤ ነበር። ረስቼ አይደለም፤ እያወቅሁ ነው የቀባሁት። ከረሜላዬ እንዲበላሽብኝ አልፈለግሁም፣ በቃ።

አምሮ ተላቀቀ። እናቴ ተመልሳ «ምን ቀባሽው?» ስትለኝ፣ ዓይኔን በጨው አጥቤ «ዘይት» አልኩ። አመነችኝና ራሷ ወሰደችላቸው።

በማግሥቱ ወጥ ልትሠራ ጠርሙሱን ብታነሳ ደርቋል፣ ቅቤው ላይም የጣቴ ምልክት አለ፤ ነገሩ ገባት። አልጮኸችም፤ ብትጮህ ይሻለኝ ነበር።

«የሰው ጾም በእጃችን ነበር» አለች። «ሂጂ፣ ራስሽ ንገሪያቸው።»

ደጃፋቸው ላይ ማሽላ እየለቀሙ አገኘኋቸው።

«እማማ፣ ትሪውን ቅቤ ቀብቼው ነበር።»

እጃቸው ቆመ። «እያወቅሽ?»

«አዎ።»

«እኔስ ሳላውቅ ነው የበላሁት፤ ለነፍስ አባቴ እነግራለሁ። አንቺ ግን…» አሉና ሳይጨርሱ ወደ ማሽላቸው ተመለሱ።

ትሪውን አልመለሱም። ከእናቴ ጋር እንደ ወትሮው ሰላም ይባባላሉ፣ ለቅሶም አብረው ይሄዳሉ፤ ከቤታችን ግን በዚያ ጾም ምንም አልቀመሱም። ግድግዳው ላይ ምስማሩ ብቻውን ቀረ። በወጣሁ በገባሁ ቁጥር ዓይኔ እሱ ላይ ያርፋል። እናቴን ጎረቤት ያሳጣኋት እኔ ነኝ እያልኩ ከረሜላ የሚባል ነገር አስጠላኝ። ያልጨረሱትንም ቃል ዓመቱን ሙሉ እኔው ስጨርሰው ከረምኩ፤ አንዴ «ሌባ» ብዬ፣ አንዴ «ከሃዲ» ብዬ።

በሚቀጥለው ዓመት ሁዳዴ በገባ ሳምንት መጡ። ትሪውን በብብታቸው ይዘዋል፣ በእጃቸው ትንሽ የዘይት ጠርሙስ አለ። እናቴ ከመቀመጫዋ ተነስታ ልትቀበላቸው እጇን ዘረጋች። እሳቸው ግን አልፈዋት እኔ ጋ መጡና ጠርሙሱን መዳፌ ላይ አስቀመጡት።

«እንቺ» አሉኝ፤ «ዘንድሮም አንቺው ሥሪልኝ።»