ለዘማች የተሰጠ ቆሎ

ባለፈው ሳምንት ሰሚት ባለው ኮንዶሚኒየማችን በረንዳ ላይ ድርቆሽ አስጥቼ ነበር። የእህቴ ልጅ ቤዛ የሕብረተሰብ ጤና ተመራማሪ ናት፤ በሙያዋ ተፈልጋ ባሕር ማዶ ሥራ አግኝታለች፤ ቪዛዋም ወጥቷል። አንዲት ጎረቤት ከታች አንጋጣ «ለማን ነው ይሄ ሁሉ?» አለችኝ። ቀላል ጥያቄ ነው። እኔን ግን ሌላ ግቢ፣ ሌላ ድርቆሽ አስታወሰኝ።

በደርግ ጊዜ ቦሌ፣ እትዬ ሮማን ቤት ሠራተኛ ነበርኩ። ትምህርቴ ከስድስተኛ ክፍል አላለፈም፤ ሰው ፊት ቃል ማውጣት ደግሞ ሞቴ ነበር። እትዬ ሮማን የበሽታ ተመራማሪ ነበሩ። አንድ ክረምት ከገጠር ጫማቸው ጭቃ እንደለበሰ ተመለሱና ምግብ እምቢ አሉ። የሚጠጣው ውሃ ሰው እየፈጀ ነው፤ አለቆቻቸው ግን የበሽታውን ስም እንዳይጽፉ ከልክለዋቸዋል። «ስሙ ያልተጠራ በሽታ እንዴት ይድናል?» አሉኝ፣ እኔ የማውቀው ይመስል።

መስከረም ሲጠባ ለአጭር ስልጠና ውጭ እንዲሄዱ ተፈቀደላቸው። እንደማይመለሱ የነገሩኝ ለእኔ ብቻ ነው፤ እዚያ ሙያቸውን የሚፈልግ ቦታ ይጠብቃቸው ነበር። ያኔ ሊቀር ነው ተብሎ የተጠረጠረ ሰው መሄዱ ቀርቶ እስር ቤት ይገባል። እኔ ሞኝ ግን እንዳይርባቸው ብዬ ግቢውን ሙሉ ድርቆሽ አሰጣሁ። ለአጭር ስልጠና ያን ያህል ማን ይይዛል?

ወይዘሮ ዘነበች ድንገት ገቡ። የቀበሌው ሴቶች ማኅበር ሊቀ መንበር ናቸው፤ ሰፈሩ ሳላቸውን ሲሰማ ወሬውን ያቋርጥ ነበር።

«ምንድን ነው ይሄ? እመቤትሽ ቶሎ ትመለስ የለም እንዴ?»

ጎንበስ ብዬ ድርቆሹን ማገላበጥ ያዝኩ።

«አንቺ ልጅ! አፍሽን ለጎሙት?»

«ለወንድሜ ነው» አልኩ፤ ከየት እንደመጣልኝ እንጃ። «ዘማች ነው።»

ወንድም የሚባል የለኝም።

ከድርቆሹ ቆንጥረው በጣታቸው አሹት። «ገና ነው፤ እንዲህ ከከተትሽው ይሻግታል» ብለው ወጡ። እትዬ ሮማን ከመጋረጃው ኋላ ቆመው ሰምተዋል። አብዮት ጥበቃ ይዘው ይመጣሉ ብለን በሩን ስናይ ዋልን።

ከሰዓት በኋላ ወይዘሮ ዘነበች ተመለሱ፤ ብቻቸውን። ከነጠላቸው ሥር ትኩስ ቆሎ የሞላ ከረጢት አወጡ።

«ልጄ ግንባር ከሄደ ወዲህ ድምፁ ጠፍቶብኛል። ወንድምሽ ካገኘው አብረው ይብሉት። ካላገኘውም እሱ ይብላው፤ የእናት ልጅ ነው። አደራ።»

እትዬ ሮማን ከረጢቱን ጭናቸው ላይ አስቀመጡት። «ይሄን ይዤ እንዴት እሄዳለሁ?» አሉ። እቤት ቢቀር ደግሞ የሚያጋልጠው እኔን ነው። ሻንጣው ውስጥ፣ ድርቆሹ መሐል ቀበርነው። በማግስቱ አውሮፕላኑ በጣሪያችን ላይ ሲያልፍ ቀና ብዬ ማየት እንኳ ፈራሁ።

ሳይመለሱ ሲቀሩ ቀበሌ ወስዶ መረመረኝ። ያስለቀቁኝ ወይዘሮ ዘነበች ናቸው። «የዘማች እህት ናት፤ ምን ታውቃለች?» ብለው እጄን ይዘው አወጡኝ። መንገድ ላይም ቀስ ብለው፣ «ወንድምሽ ደብዳቤ ላከልሽ? ልጄን አገኘው?» አሉኝ። አንገቴን ደፋሁ። ያዘንኩ መሰላቸው፤ «አይዞሽ» አሉኝ። ከዚያ በኋላም ባገኙኝ ቁጥር ይጠይቁኝ ነበር፤ እኔም አንገቴን እደፋለሁ፤ እሳቸውም «አይዞሽ» ይላሉ። ልጃቸው አልመጣም።

«ለእህቴ ልጅ ነው!» አልኳት ከበረንዳው ሥር የቆመችውን ጎረቤቴን፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ። «ተመራማሪ ናት፤ ውጭ ልትሠራ ነው!»

«እሰይ! በሰላም ትግባ!» ብላ መንገዷን ቀጠለች። በቃ፣ ይኸው ነው።

ማታ ቤዛ ሻንጣዋን ስታደራጅ አንድ ከረጢት አገኘች። «አክስቴ፣ ኪሎው ሞልቷል እኮ! ቆሎ ማን አዘዘሽ?»

«አደራ ነው።»

«የማን አደራ?»

«ሻንጣውን ተይውና ቁጭ በይ» አልኳት።