ወደ ሰባራ ድልድይ የሚወርድ ፈረስ

ሐሙስ ጠዋት፣ ብቸና

ከብቸና የተነሣሁት ጥቅምት ሊያልቅ ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ጉዳዬ ፈረስ ፍለጋ ነበር። ፈረሱ ግን የሚፈለገው ለእኔ ሳይሆን ለቲቸር አስካለ ነው።

ቲቸር አስካለ እዚሁ ብቸና ሠላሳ አንድ ዓመት አስተምረው ጡረታ የወጡ መምህርት ናቸው። ከሞጣ ወዲያ፣ ዓባይ ላይ ስላለው ሰባራ ድልድይ ለእኛ ለተማሪዎቻቸው የነገሩን እሳቸው ናቸው፤ ራሳቸው ግን አንድም ቀን አይተውት አያውቁም። አንዴ ልጅ፣ አንዴ ሥራ፣ አንዴ የመንገድ ነገር እያለ ዘመኑ ሄደ። አሁን ደግሞ ጉልበታቸው አልታዘዝ ብሏቸዋል። ኅዳር ሲያልቅም ደብረ ማርቆስ ልጃቸው ዘንድ ጠቅልለው ሊገቡ ነው። ስለዚህ ሰባት የድሮ ተማሪዎቻቸው ተሰብስበን መከርን፦ በፈረስ አድርገን እናወርዳቸዋለን፣ ድልድዩ አጠገብ ድንኳን ተክለን ሁለት ቀን እንሰነብታለን፣ እንመልሳቸዋለን። ይህን ስንነግራቸው መነጽራቸውን አውልቀው ለረጅም ጊዜ ጠረጉ።

አስቀድሞ ሄዶ መንገዱን የሚያይ ሰው ሲፈለግ ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ዕቅድ ክፍል ውስጥ ነው የምሠራው፤ ዕቅድ አላውቅም ብዬ ማምለጥ አልችልም። ዝርዝር ተግባር፣ የሚፈጸምበት ሰዓት፣ ኃላፊነት የሚወስደው አካል እያልኩ ሦስት ገጽ ሞላሁ። ወረቀቱን በፕላስቲክ አቃፊ ከትቼ፣ የተዋስኳትን ትንሽ ድንኳን በጀርባዬ አዝዬ መናኸሪያ ደረስኩ።

ረዳቱ ጥቅልሉን አይቶ «ምንድን ነው?» አለኝ።

«ድንኳን።»

ፊቱ ወዲያው ተለወጠ። «ውይ! እግዚአብሔር ያጽናሽ። ማን ሞቶ ነው?»

ማንም እንዳልሞተ፣ ሜዳ ላይ ለማደር እንደሆነ አስረዳሁት። ጥቂት አሰበና «ለመዝናኛ ከሆነማ ለዕቃው ሃምሳ ብር ትጨምሪያለሽ» አለ። ከፈልኩ።

ከደብረ ወርቅ እስከ ሞጣ

ደብረ ወርቅ ላይ ለሩብ ሰዓት ቆመን ትኩስ ዳቦ ገዛሁ። ከዚያ በኋላ በግራችን ጮቄ ደመና ተከናንቦ አብሮን ሄደ፤ በቀኛችን ጤፉ ቢጫ መሆን ጀምሯል፣ አንዳንዱ ማሳ ገና አረንጓዴ ነው። ሾፌሩ ፈለገ ብርሃን ላይ ጎማ አስነፋ፣ ቀራንዮ ላይ ደግሞ ሁለት ኩንታል ሽንኩርት ጫነ። በዕቅዴ መሠረት ሞጣ መድረስ የነበረብኝ በአምስት ሰዓት ነው። የደረስኩት ስምንት ሰዓት ሊሆን ሲል ነው። ወረቀቱ ላይ «መጠነኛ መዘግየት» ብዬ ጻፍኩ፤ ልማድ ነው።

ሞጣ አድሬ አንድ ዘመዴ ባለፈረስ አገናኘኝ፤ በስልክ። ሰውየው ጋሽ ይርዳው ይባላሉ፣ ቤታቸው የዓባይ ሸለቆ አፋፍ ላይ ነው። «ነይ፣ ቤት የእግዜር ነው» ብለው ስልኩን ዘጉ።

ዓርብ፣ አፋፉ ላይ

ከሞጣ ጨውና ሳሙና በጫነ አይሱዙ ላይ ተንጠልጥዬ እስከ መንገዱ ማብቂያ ሄድኩ። ጋሽ ይርዳው እዚያ ፈረሳቸውን ይዘው ጠበቁኝ። ስልሳ ዓመት የሚሆናቸው፣ ቀጠን ያሉ፣ ንግግር የማያበዙ ሰው ናቸው። ፈረሱ ዳማ ነው፤ አንድ እግሩ ነጭ። የብቸና ልጅ ሆኜ ፈረስ የማውቀው ከጋሪ ጋር ብቻ ነበርና እርካቡን ረግጬ ኮርቻው ላይ እስክወጣ ሦስት ጊዜ ሞከርኩ።

«ልጓሙን አትጎትችው፣ ልጄ። እሱ ያውቃል» አሉኝ።

እውነትም ያውቃል። አንድ ሰዓት የሚያስኬደውን ሜዳ እንቁላል እንደተሸከመ ሰው ረጋ ብሎ ወሰደኝ። ሰው ሲታመም እስከ መኪናው መንገድ የሚያደርሰው፣ ሙሽራ ሲመጣ ፊት የሚመራው ይህ ፈረስ እንደሆነ በመንገድ ላይ ነገሩኝ። ስለ ፈረሱ ሲያወሩ ብቻ ቃላት አያጥራቸውም።

ቤት ደርሰን፣ ሽሮ ቀርቦልኝ ከበላሁ በኋላ አቃፊዬን አወጣሁ። ነገ ጋሽ ይርዳውና እኔ ፈረሱን ይዘን ለሙከራ እንወርዳለን፣ ድልድዩ ዘንድ አድረን እንመለሳለን። በኅዳር ደግሞ ቲቸርን ይዘን ሁለት ሌሊት። ነጥብ በነጥብ አነበብኩላቸው።

«ፈረሱ እዚያው ታች ቢያድር ችግር አለው?»

«እሺ፣ ይሁና።»

«ሁለት ሌሊትስ?»

«ምን ገዶኝ። ለአስተማሪ ነው ብለሽ የለ።»

ኪራዩን ስጠይቃቸው በእጃቸው ዝንብ እንደሚያባርር ሰው አደረጉ። እያንዳንዱ ነጥብ ላይ ምልክት አደረግሁ። በሥራ ዘመኔ እንዲህ ያለ ፈጣን ስምምነት አይቼ ስለማላውቅ በጣም ደስ አለኝ። ጋሽ ይርዳው ግን ተነሥተው ወደ ፈረሱ ሄዱ።

ድንኳኑን ለመሞከር ብዬ ግቢው ውስጥ ስዘረጋ ባለቤታቸው እትየ ደብሬ እየሮጡ መጡ። «ቤት ሞልቶ ሜዳ? ሳይቸግር ጤፍ ብድር! ጎረቤት ምን ይለኛል?» ብለው ራሳቸው ጠቀለሉት። ከእሳቸው ጋር አልተከራከርኩም። ሞቅ ያለ ቤት ውስጥ፣ መደብ ላይ ተኛሁ።

ቅዳሜ ጠዋት

ጋሽ ይርዳው ፈረሱን እየጫኑ ነበር። ሥራው ቶሎ አልሄደላቸውም፤ የኮርቻውን ጠፍር አጥብቀው መልሰው ያላላሉ። እትየ ደብሬ በዓይናቸው ጠቅሰው ወደ ጓሮ ወሰዱኝ።

«ልጄ፣ እሱ አይነግርሽም፤ እኔ ልንገርሽ። ፈረስ ቆላ አያድርም።»

«ለምን?»

«ይሞታላ! በዚህ ወራት፣ ዝናቡ እንደወጣ፣ እታች ያደረ ፈረስ አይተርፍም። የዚህ ታላቅ ነበረን። ለልቅሶ ወርዶ አንድ ሌሊት አደረ። በተመለሰ በሳምንቱ ዓይኑ አብጦ፣ ባፍንጫው አረፋ እየወጣ፣ እዚችው በር ላይ ወደቀ።»

«ታዲያ ጋሽ ይርዳው ለምን እሺ አሉኝ?»

«ምን ይበልሽ? እንግዳ ነሽ። ማታ ብጠይቀው ‹ቃሌ ወጥቷል፣ ፈረሱን ለእግዜር ሰጥቼዋለሁ› ብሎ ፊቱን አዞረብኝ። እሷ ነገረችኝ እንዳትይ፣ አደራ!»

አፈርኩ። እንዲህ ያለ ሐፍረት ከልጅነቴ ወዲህ ተሰምቶኝ አያውቅም። ሦስት ገጽ ሙሉ ስጽፍ የፈረሱን ሣር፣ የፈረሱን ውሃ፣ የፈረሱን ማሰሪያ ገመድ ሳይቀር አስቤያለሁ። ሰውየው ደግሞ ከቤታቸው በር ላይ እንደገና ፈረስ ሊቀብሩ ተስማምተው፣ እኔ ደስ ብሎኝ ምልክት አድርጌበታለሁ።

ወደ ጋሽ ይርዳው ተመለስኩ። «ጋሼ፣ ፈረሱ ይቅርብን።»

«ለምን? ተጭኗል እኮ።»

«ቁልቁለት በፈረስ እፈራለሁ። በእግሬ ልውረድና ዛሬውኑ እንመለስ።»

እኔን አዩ፣ ሚስታቸውን አዩ። እትየ ደብሬ የተጠረገውን ግቢ እንደገና እየጠረጉ ነው። «ከመሰለሽ ይሁን» አሉ። ለመጫን ግማሽ ሰዓት የፈጀባቸውን ኮርቻ በአንድ አፍታ አወረዱት። ፈረሱን መስኩ ላይ ለቀው አንገቱን መታ መታ አደረጉና ለብቻቸው ሳቁ።

ድልድዩ

ቁልቁለቱ ሦስት ሰዓት ወሰደብን። ከብርዱ ወጥተን ወደ ቁልቋልና ግራር ገባን፣ ከዚያም አየሩ እንደ ምድጃ ፊት ሆነ። ደንጊያው በእግር ብዛት ለስልሶ ያንሸራትታል። በመንገድ ላይ ቀድሞ ያላሰብኩት ነገር መጣልኝና «በቅሎስ?» አልኳቸው። «በቅሎ ቆላውን ትችለዋለች አይደል?»

«ትችላለች። ቁልቁለቱን ግን፣ በቅሎም ይሁን ፈረስ፣ ሰው ወርዶ በእግሩ ነው። እዚህ ደንጊያ ላይ ማን በጀርባዋ ይቀመጣል? የምትሸከመው ሽቅቡን ነው። ጉልበት ለታመመ ሰው ደግሞ የሚከፋው ቁልቁለቱ ነው» አሉኝ።

የእኔ ደህናው ጉልበት ሳይቀር ቁልቁለቱ ከብዶት ነበር። ዕቅዱ እዚያ ላይ ሞተ።

ድልድዩ በደንጊያና በኖራ የተሠራ ነው፤ የጎንደር ነገሥታት ዘመን ሥራ። በጣሊያን ጊዜ ፈርሶ የቀረው ክፍተት አሁን ለእግረኛ በሽቦ ገመድ በተንጠለጠለ መሸጋገሪያ ተገናኝቷል። ውሃው ገና ከክረምቱ ደፍርሶ፣ በጠባቡ አለት መካከል እየተጋፋ ያልፋል። አንድ ሰው ሁለት ፍየል እየነዳ ከወዲያ ማዶ መጣ፣ «እንደምን ዋላችሁ» ብሎን አለፈ። ሽቦው ሳይዘረጋ በፊት የጋሽ ይርዳው አባት ሰውን በገመድ ከሚያሻግሩት አንዱ ነበሩ፤ ተሻጋሪው ወገቡን ይታሰራል፣ ከማዶ ያሉት ይስባሉ። «ሴቶቹ ዓይናቸውን ይጨፍኑ ነበር። አባቴም ይጨፍን ነበር፤ ገመዱን ይዞ!» አሉና ሳቁ። ደስ የሚል ቦታ ነው። እኔ ግን ፎቶ ባነሣሁ ቁጥር ቲቸር አስካለን እያሰብኩ ቅር አለኝ። እንጀራችንን በጥላው በልተን ሽቅቡን ጀመርን፤ ፀሐይ ስትጠልቅ ቤት ገባን።

እሑድ

ጋሽ ይርዳው ከቅዳሴ ሲመለሱ እስከ መኪናው መንገድ በፈረሱ አድርገው ሸኙኝ። ሞጣ አንድ ሰዓት ተኩል ወረፋ ጠብቄ የብቸናውን ሚኒባስ አገኘሁ። በመንገዱ ሁሉ ያሰብኩት ስለዚያ «እሺ» ነው። በእኛ ቢሮ እሺ የተባለ ነገር ያለቀ ነገር ነው። እኛ አገር ግን እንግዳን እምቢ ማለት የሚከብደው ሰው ብዙ ነው፣ እኔም አንዷ ነኝ። ስለዚህ ጠያቂው ነው መጠንቀቅ ያለበት፦ ሰውየው ምን እንደሚያጣ ሳያውቅ ባይጠይቅ ይሻላል። ይህን የተማርኩት ደግሞ ከዕቅዱ ሳይሆን ከእትየ ደብሬ ነው።

ሰኞ ከሥራ በኋላ፣ ብቸና

ቲቸር አስካለ በረንዳቸው ላይ መጻሕፍት ካርቶን ውስጥ እየደረደሩ አገኘኋቸው። ቁጭ ሳልል ተናገርኩት፤ ቁጭ ካልኩ ድፍረቱ እንደማይኖረኝ አውቃለሁ።

«ቲቸር፣ አይሆንም። መውረድ አይችሉም።»

እጃቸው መጽሐፍ ላይ እንዳለ ቀረ። «ከአፋፉስ አይታይም?»

«አይታይም። ገደሉ ይጋርደዋል።»

«ተይው፣ ሰናይት። ለፍተሻል» አሉ። ምክንያቱን ማወቅ ይገባቸዋልና የፈረሱን ነገር ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አጫወትኳቸው።

«ቆይ፣ ቆይ» አሉኝ። «እንደሚሞት እያወቀ ሊሰጥ ነበር?»

«እያወቁ።»

«ለእኔ?»

«ለእርስዎ።»

«አያውቀኝም እኮ!»

«አያውቁዎትም። አስተማሪ ናቸው አልኳቸው፤ ሌላ አልጠየቁኝም።»

መጽሐፉን ካርቶኑ ውስጥ አስቀመጡና «ከመኪናው መንገድ እስከ ቤቱ ቁልቁለት አለው?» ብለው ጠየቁኝ።

«የለውም። ሜዳ ነው። በፈረሱ አንድ ሰዓት ነው።»

«በይ እንግዲያው፣ ድልድዩ ይቅር። ይህን ሰው ሳላይ ማርቆስ አልገባም።»