በር የሌለው ዕድር

ኤክስክሉሲቭ ማለት ምርጥ ማለት አይደለም። ጁባ ውስጥ ግን ሁሉም እንደዚያ ነበር የሚያምነው። በነጭ ዓባይ ወደብ አጠገብ ከጭነት ኮንቴይነር የተሠራ ሆቴል እንኳ ቃሉን ደጁ ላይ ጽፎት ነበር። ክፍሉ ቀን ቀን እንደ ምድጃ ይፋጃል፤ ግን ኤክስክሉሲቭ ነው።

ቃሉ የእንግሊዝኛ ይሁን እንጂ ሥሩ ላቲን ነው፤ «ወደ ውጭ» እና «መዝጋት» ከሚሉ ሁለት ቃላት ተጋጥሟል። ሰውን ደጅ አስቀርቶ በሩን መቀርቀር ማለት ነው። ምርጥነቱ በኋላ የተጨመረ ነው፤ ውስጥ የቀሩት ስለ ራሳቸው ያወሩት ወሬ።

ደቡብ ሱዳን ከሱዳን የምትለይበት ሕዝበ ውሳኔ ሊደርስ ሲል፣ ጀበል በሚባለው የጁባ ሰፈር የምንኖር ኢትዮጵያውያን ዕድር አቋቋምን። በሰው አገር ሞት ሲመጣ ብቻን መገኘት ያስፈራል። ሊቀመንበራችን በጅምላ ንግድ የሚተዳደሩ ሐጂ ነበሩ፤ ጸሐፊያችን የባንክ ሠራተኛ። ደንቡን በእንግሊዝኛ ጻፈው፤ ለቅሶም ቢሆን ቢሮ ቢሮ ካልሸተተው አይዋጥለትም። የመጀመሪያው አንቀጽ ዕድሩ ለኢትዮጵያውያን ኤክስክሉሲቭ ነው ይል ነበር።

አንድ እሑድ ከሐጂ ሱቅ ጓሮ ተሰብስበን ሳለ አንዲት ሴት ገባች። ደቡብ ሱዳናዊት ናት፤ በስደት አዲስ አበባ አድጋ ተመልሳ «ጁባ ና ባሪ» በሚባል ሰፈር ትኖራለች። ከእኛ አንዱ የእናቱን መርዶ በተረዳ ጊዜ፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ እስከ ሠልስቱ አብራን ተቀምጣ ነበር።

«እናቴ ታማብኛለች» አለች። «ጦርነቱ ዘመድ አላስቀረልንም። አንድ ነገር ብትሆንብኝ ብቻዬን እንዳልቀብራት ብዬ ነው። አስገቡኝ።»

ጸሐፊው ጉሮሮውን ጠረገ። «እህቴ፣ አትቀየሚን። ደንቡ ኤክስክሉሲቭ ይላል። ደረጃችንን ለመጠበቅ ነው።»

«የለቅሶ ደረጃ ደግሞ ምንድን ነው?» አልኩት። «ቃሉ ሰው አስወጥቶ በር መዝጋት ነው። በል እንግዲያው፣ ዓይኗን እያየህ ዝጋባት።»

«ጋሼ ደግሞ መዝገበ ቃላት ካልገለጡ ስብሰባ አይጥማቸውም!» አለ ጸሐፊው።

ሁሉም ሳቀብኝ። ሐጂ ግን አልሳቁም።

«በር ነው ያልከው?»

«አዎ ሐጂ፣ በር።»

ጥግ ላይ ተጠቅልሎ የተቀመጠውን ሸራ በከዘራቸው ጎነጥ አደረጉት። «የዕድሩ ንብረት ይኸው ድንኳን ነው። የለቅሶ ድንኳን በር አለው እንዴ? ሲተከል አላፊ አግዳሚው ገብቶ ይቀመጣል። የሌለንን በር ነው የምንዘጋው?» ወደ ሴትየዋ ዞሩ። «ልጄ፣ ለቅሷችንን ስትቀመጪ ፓስፖርት የጠየቀሽ አለ?»

«ማንም አልጠየቀኝም፣ አባባ።»

«ኸላስ!» አሉ በጁባ ዓረብኛ፤ አለቀ ማለታቸው ነው።

«ደንቡስ?» አለ ጸሐፊው።

«የጻፍከው አንተ አይደለህም እንዴ? ሰርዘዋ!»

ስለ ሰው ልጅ ያለኝ ግምት ዝቅተኛ ነው። ያን እሑድ ግን አንቀጹን ለመሰረዝ እጆች አንድ በአንድ ሲነሡ፣ በመጨረሻም የጸሐፊው እጅ ከጉልበቱ ላይ ቀስ ብሎ ሲከተላቸው አይቼ ትንሽ ከፍ አደረግሁት።

እናትየውም አልሞቱም። ድነው፣ ከልጃቸው ጋር በየለቅሶው እየመጡ ሻይ ቀጠነ ይሉ ጀመር። በተለይ ጸሐፊውን አይምሩትም፦ «አንተ ባለ ደረጃ፣ ስኳር ጨምርበት!» ይጨምራል።

እናንተም ዕድር አላችሁ፤ ባይኖራችሁ ማኅበር አታጡም። ደንቡን አውጡና ማንን ደጅ እንደሚያስቀር አንብቡ። ከዚያ ያችን አንቀጽ ሰርዟት።