ከቁልፉ በኋላ ያለው ሽቦ

እስካሁን ሳስበው ደሜ ይፈላል። የአባቴን ሞተር ሳይክል የገደለው ሌላ፣ የተወቀስኩት እኔ!

አባቴ የገበሬ መሬት የሚለካ ባለሙያ ነው። የሚለካበት ጂፒኤስ ባትሪው አርጅቶ ከአንድ ማሳ በላይ አይዘልቅም፤ ቤት እንዳይሞላው ደግሞ መብራት ይጠፋል። ስለዚህ ከሶዶ ገሱባ እስኪደርስ ከሞተሩ እየሞላ እንዲሄድ ሽቦ ዘረጋሁለት። ፊዚክስ የምማረው ለፈተና ብቻ ነው እንዴ? ቀዩን ሽቦ ያያዝኩት ከቁልፉ በኋላ ካለው መስመር ነው፤ ቁልፉ ሲዘጋ ጂፒኤሱም መጠጣቱን እንዲያቆም። መሀሉ ላይ ፊውዝ አስገባሁ፣ በናስትሮ ጠቀለልኩት።

በማግስቱ ከትምህርት ቤት ስመለስ ሞተሩን ሊያይ የመጣው የሰፈራችን መካኒክ ሽቦዬን ነቅሎት፣ በቀጥታ ከባትሪው ጋር አስሮታል። ፊውዜን ኪሱ ከቶታል።

«ጋሼ፣ ለምን ነቀሉት?»

«አንቺ ሹሩባሽን ተሠሪ፤ ሽቦውን ለእኛ ተይልን!» ብሎ ሳቀ። ወደ አባቴ ዞሮም፣ «ተሰክቶ ይደር፤ ጠዋት ጢም ብሎ ያገኙታል» አለው።

አባቴ አመነው። «ሙያው ነው እኮ፣ ልጄ።»

እኛ ሰፈር ሌባ ስለሚፈራ ሞተር የሚያድረው ሳሎን ነው። ጠዋት ስነሣ ጂፒኤሱ ከሶፋው አጠገብ ቦግ ብሎ ይበራል። ሞተሩ ግን በቁልፍ ሲሞከር ዝም፣ በእግር ሲረገጥ ዝም።

ያን ቀን ገሱባ አጠገብ ባሏ የሞተባት አንዲት ሴት ማሳ ሊለካላት ነበር። የባሏ ወንድም በየዓመቱ ድንበሯን ይገፋባታል። ልኬቱ ሁለቴ ተላልፎባታል። ሽማግሌዎች ተጠርተዋል፤ አባቴ ዛሬም ከቀረ ሰውየው እንሰቱን ተክሎ «የኔ ነው» ሊል ነው።

መካኒኩ መጣና ምን ቢል ጥሩ ነው? «ልጅቷ ስለነካካችው ነው!» ጎረቤቶችም አብረውት ራሳቸውን ነቀነቁ።

አለቀሰች እንዳትሉኝ። ጮህኩ! «አባዬ፣ ቁልፉ ኪስህ ውስጥ ነው ያደረው፤ የእኔ ሽቦ ቢሆን ያኔውኑ ይቆም ነበር። ከአንድ ማሳ የማይዘልቅ ዕቃ ሌሊቱን ሙሉ ከምን እየጠጣ በራ?»

አባቴ ጂፒኤሱን አየ፣ መካኒኩን አየ፣ ፒንሳውን ከእጁ ወስዶ ለእኔ ሰጠኝ።

ፊውዜን ከመካኒኩ ተቀብዬ ሽቦውን ወደ ቦታው መለስኩ። ሞተሩን ከጎረቤት ባጃጅ ባትሪ ጋር አገናኝተን አስነሣነው። መካኒኩ እጁን እየጠረገ፣ «ያው፣ ባትሪው ደክሞ ነው» አለ። ይቅርታ የሚል አንድ ሰው እንኳ ጠፋ!

ከሰዓት አባቴ ደወለ። «ተለካ። ችካሉም ተመታ። ሽቦውን የሠራችው ልጄ ናት ብላቸው ሽማግሌዎቹ አላምን አሉኝ» አለ እየሳቀ።

«ስልኩን ስጣቸው!» አልኩት።