ፊደሎቹን ያስቆምንበት ቀን

ልጄ ማስመለስ የጀመረችው በዐቢይ ጾም መካከል ነው። ወረታ ከተማ ኮሌጅ ገብታ ጤና ትማራለች። ባለፈው ክረምት ጆሮዋን ክፉኛ ታማ ነበር፤ ዳነች ብዬ ረስቼው ነበር። መምህራኑ ትምህርቱን በኮሌጁ ድረ ገጽ ይለቁታል፣ ተማሪዎቹ በስልካቸው ያነቡታል። እሷ ግን ገጹን ከፍታ ጥቂት እንደቆየች ፊቷ ይነጣል፣ ግድግዳ ትይዛለች፣ ከዚያ ወደ ጓሮ ትሮጣለች። ለፈተናው ሦስት ሳምንት ቀርቷል። ካላነበበች ትወድቃለች፤ ከወደቀች ደግሞ ኮሌጁ ያሰናብታታል።

እኔ ሲፈጥረኝ ፈሪ ነኝ። ትምህርት ያቆምኩት አራተኛ ክፍል ነው፤ የማላውቀው ነገር ሁሉ ያስደነግጠኛል። ሴት ልጅ ስታስመልስ እናት መጀመሪያ የምታስበውን አሰብኩ። ፈራ ተባ እያልኩ ስጠይቃት እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች።

«እማ፣ ከማን? ከስልኩ?»

እንግዲያ ጾሙ ነው አልኩ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ ሳትቀምስ ነው የምትውለው። ወደ ነፍስ አባታችን ሄጄ፣ «አባቴ፣ ይህችን ልጅ ፈቅደው በጠዋት ያስቀምሱልኝ፤ ባዶ ሆዷ እየጣላት ነው» አልኳቸው። ፈቀዱላት። በማግስቱ ቁርሷን በልታ ስልኩን ከፈተች፤ ቁርሱንም አስመለሰችው።

ተመልሼ ስነግራቸው፣ «ዳዊት ስትደግምስ ያዞራታል?» አሉኝ።

«ኧረ የለም አባቴ። ጠዋት ጠዋት ትደግማለች፣ ምንም አትሆንም።»

«እንግዲያው ንባብ አይደለም የጣላት። ሂጂና ያ ስልክ የሚያደርገውን በዓይንሽ እዪ።»

ከዚያ በፊት አንድም ቀን አጠገቧ ተቀምጬ አይቼ አላውቅም ነበር። ፊደሉ ከግራ እየሮጠ ይገባል። ሥዕሉ ከታች እየተንሳፈፈ ይወጣል። ጣቷን ባንቀሳቀሰች ቁጥር ከኋላ ያለው ሌላ ሥዕል በሌላ ፍጥነት ይሄዳል። ከላይ ደግሞ አንድ ክብ ነገር ሳያርፍ ይሽከረከራል። ወዲያው ርብ ወንዝ ትዝ አለኝ። ርብ ሞልቶ ሜዳው ላይ ሲፈስ፣ ልጅ ሳለች እጇን ይዤ ሳሻግራት፣ «ውሃውን አትዪ፣ ማዶ ያለውን ዛፍ እዪ» እላት ነበር። የሚሄድ ውሃ ላይ ያፈጠጠ ሰው ቆሞ ሳለ የሚሄድ ይመስለዋል፤ ራሱን ያዞረውና ይወድቃል። እዚህ ስልክ ላይ ግን የሚታይ ማዶ የለም። ሁሉም ውሃ ነው።

ይህን ስነግራት የስልኩን ሴቲንግ ስትበረብር እንቅስቃሴ የሚቀንስ ነገር አገኘች። አበራችው። ስልኩ ረጋ፤ የኮሌጁ ገጽ ግን እንደ ቀድሞው ይሮጣል።

በማግስቱ ነጠላዬን አጣፍቼ ከልጄ ጋር ገጹን ወደ ሠራው መምህር ሄድኩ። በሥራው የሚኮራ ሰው ነው።

«እናቴ፣ ለውበት ብዬ እኮ ነው» አለኝ። «ደርቆ የቆመ ገጽ ማን ያያል?»

«ቢቆምላት ልጄ ታየው ነበር፣ መምህር። አይንቀሳቀስብኝ ብላ ስልኳ ላይ ነግራለች።»

ልጄ ስልኳን ዘርግታ አሳየችው። አየና ጆሮውን አከከ። «እውነት ነው፣ ስልኩ ለገጹ ይነግረዋል። ገጹ እንዲሰማ ያላደረግሁት እኔ ነኝ። ግን ለአንድ ተማሪ ብዬ…»

ፈሪዋ እኔ ተናገርኩ። «እንግዳ ደጃፍ ላይ ቆሞ ራሴን አሞኛል ካለ፣ አንድ ሰው ነው ተብሎ ከበሮ ይመታበታል?»

እዚያው ቢሮ የተቀመጠች፣ ልጄን የምታስተምርና የጆሮዋን ሕመም የምታውቅ የጤና መምህርት ሳቋ አመለጣት። «በል እንግዲህ መልስ! ጆሮውን ታሞ የነበረ ሰው እንዲህ ያለ ነገር ቶሎ ያዞረዋል። እኔ ራሴ ያንተን ገጽ ዓይኔን ጨፈን አድርጌ ነው የምከፍተው፤ እንዳይከፋህ ብዬ ነው ዝም ያልኩት።»

መምህሩ ኮምፒውተሩ ላይ ተቀመጠ። ብዙ ጻፈ፣ አጠፋ፣ እንደገና ጻፈ። በመጨረሻ፣ «ለሚወደው ይንቀሳቀሳል፤ ስልኩ አይሁን ላለ ግን ይቆማል። በቃ» አለ።

ልጄ ከፈተችው። ፊደሎቹ ቆመዋል።

«አልበቃም» አልኩ እኔ። «ያቺ ከላይ የምትሽከረከረዋስ?»

አፈር ብሎ እሷንም አቆማት።

ልጄ እዚያው ቆማ ማንበብ ጀመረች። እኔ ገጹን ትቼ ፊቷን እጠብቃለሁ። አልነጣም። አንዱን ትምህርት ከላይ እስከ ታች ጨርሳ ሁለተኛውን ከፈተች።

«ልጄ፣ ሰዎቹን ሥራ አስፈታናቸው፤ እንሂድ» ስላት ቀና እንኳ ሳትል፣ «ቆይ እማ፣ ይህችን ልጨርስ» አለችኝ።

እልል ልል አልኩና ቢሮ መሆኑ ትዝ ሲለኝ አፌን በነጠላዬ ያዝኩ። መምህርቷ አየችኝ። «ይበሉ እንጂ እናቴ!» አለች። አልኩት፤ ሦስት ጊዜ። በኮሪደሩ የሚያልፉ ተማሪዎች አንገታቸውን አስግገው፣ «ማን ተመረቀ?» ብለው ጠየቁ።

«ገና ናት» አልኳቸው። «ማንበብ ጀመረች።»

በሦስተኛው ሳምንት ተፈተነች፤ አለፈች። እኔ ግን እልልታዬን ቀድሜ ጨርሼው ነበር።